ማሰሪያ ያጣው ሪፖርት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ቀለል አለልዎ? መነጽርዎን አስቀየሩት ወይስ አሁንም እጀታውን በክር አስረው ነው የሚያነቡበት? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? የእህቴ ልጅ ድንቡሼ ጥርስ አወጣች ብላችሁኝ ነበር፤ መንከሱን ጀመረች? እዚህ ተቀምጬ የሁላችሁንም ድምፅ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው የምጽፈው።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ሲሉኝ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። ጉንፋን አልነበረም፣ አባባ። ነገሩን በስልክ ብጀምረው እንባዬ ስለሚቀድመኝ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

እንደሚያውቁት የምሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ በወጣትነታቸው መርከብ ይነዱ ስለነበር ሁላችንም «ካፒቴኑ» እንላቸዋለን። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ጠዋት፣ ከአልጋቸው ወደ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ሳሻግራቸው ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ፍሬኑ አልያዘም። በሁለት እጄ አጥብቄ ብይዛቸውም ከበዱኝና ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን። የዳሌ አጥንታቸው ተሰነጠቀ። ጮኼ ነርሷን ጠራሁ፤ እየሮጠች መጣች። ፍሬኑ እንደላላ ግን ለፈረቃ ኃላፊያችን ከአራት ቀን በፊት ነግሬያት፣ «እሺ፣ አስጠግነዋለሁ» ብላኝ ነበር።

ሪፖርቱን የጻፍኩት የዚያኑ ዕለት ነው። በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። በእኛ ቋንቋ እንደለመድኩት አንስቼ፣ ይዤ፣ አዙሬ እያልኩ ስቀጥል ገጹ አለቀ፤ ከአንድ ቦታ በቀር ነጥብ የሚባል ነገር የለበትም። በእኛማ መጨረሻ ላይ አንድ ማሰሪያ አንቀጽ ከመጣ ያን ሁሉ ጠቅልሎ ይይዘዋል። እርስዎም በልጅነቴ ደብተሬን ገልጠው «ማሰሪያው የታል?» ይሉኝ የነበረው ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ሐሳብ ያለ ነጥብና ያለ አያያዥ ቃል ከተጣበቀ አንባቢው የት እንደሚቆርጠው ያጣል። እኔ የጻፍኩት በአማርኛ ሲመለስ «ወደቁ ነርሷን ስጠራ መጣች» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ፍሬኑ እንደላላ ለኃላፊዋ ብነግራትም» ብዬ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ብነግራትም ምን? እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

በማግስቱ ኃላፊዋ ቢሮዋ ጠራችኝና «እንግሊዝኛሽ አይነበብም፤ አስተካክዬልሻለሁ፣ ፈርሚ» አለችኝ። በኮምፒዩተር ተጽፎ ጽድት ብሏል። ቀስ ብዬ አነበብኩት። ነጥቡን ያሳረፈችው «ስጠራ» ከሚለው በኋላ ነው፤ ነርሷን ስጠራ ወደቁ፣ ከዚያ መጣች፣ የሚል ሆኗል። ሽማግሌውን ለብቻቸው ትቼ ሄጄ እንደወደቁ ማለት ነው። የፍሬኑ ነገር የታል ብላት፣ «ያ እኮ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ስላልተሟላ አወጣሁት» አለችኝ። የሚያቃጥለኝ ደግሞ በሰዋስው እውነቷን መሆኑ ነው።

አልፈርምም አልኩ። «እንግዲያው እስክትፈርሚ ልብስ ማጠቢያ ነሽ» አለችኝ። ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ አራት ማሽን ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ በሩ በእንፋሎት አብጦ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ልውጣ እንዳልል የመኖሪያ ፈቃዴ የተሰጠው በዚህ ቤት ስም ነው፤ ሥራውን ስለቅ አገሩንም እለቃለሁ። ብፈርም ሰው የጣልኩ እሆናለሁ፤ ባልፈርም አንሶላ ስጨምቅ እኖራለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ጉንፋን ነው ያልኩዎ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። አንሶላ ላደርስላቸው ስገባ ዓይኔ ቀልቶ አይተው «ምን ሆነሻል?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ አላዘኑልኝም፤ ተቆጡኝ እንጂ። «ጮክ ብለሽ አንብቢ! ማን ነው? ምን አደረገ? እሱ ካለቀ ነጥብ አድርጊና ተነሺ!» አንድ ቀን በነጥብ ፈንታ ኮማ ባደርግ «ሰው ኮማ ላይ አያድርም!» ብለው ጮሁብኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቅሁ። «ምንም እንኳ» ወይም «ምክንያቱም» ብዬ የጀመርኩት ብቻውን እንደማይቆም፣ ተከታዩን ፈልጌ ማገናኘት እንዳለብኝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ማሽኑ እስኪጨርስ ባሉት ሃያ ሃያ ደቂቃዎች፣ በተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀምጬ፣ ሦስት ሳምንት ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ።

መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። «ወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ። ካፒቴኑ ወደቁ። ነርሷን ስጠራ ወዲያው መጣች። ፍሬኑ እንደላላ ለኃላፊዋ ከአራት ቀን በፊት ብነግራትም አልተጠገነም።» ሌላውም እንዲሁ። በስሜ ፈርሜ ለዳይሬክተሩ በእጄ ሰጠሁ።

ያለፈው ሰኞ ዳይሬክተሩ የመደባቸው ሦስት ሰዎች ጠርተው ጠየቁን። ነርሷ «ስደርስ ከሥራቸው ሆና ይዛቸው ነበር» ብላ መሰከረችልኝ። ወንበሮቹ ተፈተሹ፤ ከአሥራ ዘጠኙ የስድስቱ ፍሬን አይዝም። ጥፋት የለብሽም የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ኃላፊዋ ግን አሁንም ኃላፊዬ ናት፤ እኔም «ለጊዜው» እየተባልኩ አሁንም ምድር ቤት ነኝ። ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀረዋል። ካፒቴኑ ከሆስፒታል ተመልሰዋል፤ መራመድ ግን ቀርቷል አሉ። ክፍላቸው እንድገባ አይፈቀድልኝም። ስማቸው የተሰፋበት ፒጃማ በቅርጫት ሲወርድልኝ ነው «ዛሬም አሉ» የምለው። ለብቻው አጥቤ፣ አጥፌ እልክላቸዋለሁ።

አባባ፣ በስልክ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» እላችኋለሁ። መምህርቷ ቢያርሙት አንድ ስሕተት አያገኙበትም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እውነት ግን አልነበረም። ነይ አይበሉኝ፣ አሁን መምጣት አልችልም፤ ብቻ ይወቁልኝ።

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ስታነቡላት የምድር ቤቱን ነገር ዝለሉት። ለወንድሜ የእንግሊዝኛ ደብተሩን እንዳይጥል ንገሩልኝ። እህቴንና ባሏን፣ ድንቡሼንም ከነጥርሷ ሰላም በሉልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የሰጠኝ ካፖርት አሁንም አንድ ቁልፍ አልጎደለበትም በሉት። እርስዎን ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ምድር ቤት
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን