አባባ ስለሰጡኝ እንጉዳይ

ለማከብርዎት አባቴ፣ ናንጁዋንግ መንደር፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የምግብ ፍላጎትዎ ተመለሰ ወይስ እማዬ ፊት ብቻ ነው የሚጎርሱት? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ ካፖርቴ እርጥብ እንደሆነ ነው የምለብሰው።

ለአዲስ ዓመት መጥቼ ስመለስ በፎጣ ጠቅልለው የሰጡኝ የካምፎር ዛፍ እንጉዳይ ደህና ደርሷል። አውቶቡስ ውስጥ ሽታው አላስቀምጥ ብሏት አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች። ቤተ ሙከራሽ ወስደሽ ለጉበት መድኃኒት መሆኑን አረጋግጪልኝ ብለውኝ ነበር።

እኛ እኮ የምንሠራው እሱኑ ነው። በትንሽ ሳህን የምናሳድጋቸው የጉበት ካንሰር ሕዋሳት የሳህኑን ወለል ሲሞሉ መሃላቸውን በቀጭን ቱቦ ጫፍ ጭሬ ባዶ መስመር አወጣለሁ። እንዲሁ የተተዉት በማግስቱ ከግራና ከቀኝ ተጉዘው መስመሩን ይደፍኑታል። ከእንጉዳዩ የወጣው ንጥረ ነገር የተጨመረባቸው ግን አብዛኞቹ ባሉበት ይቀራሉ። ደስ ይላል፣ አልዋሽዎትም። ግን አልሞቱም፤ ዘገዩ እንጂ። ያውም ሳህን ውስጥ፣ ንጥረ ነገሩ ተለይቶና ተመጥኖ። እርስዎ አፍልተው ከሚጠጡት ምን ያህሉ ጉበትዎ ዘንድ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ጠጣው የሚሉዎት ጎረቤታችን ጋሽ ፉቲየን አውቃለሁ ካሉ መጥተው አለቃዬን ያስተምሩልኝ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ወንድሜ ዠንሁዋ ደውሎ፣ እንጉዳዩን ጠጥቼ ልጨርስ ብለው ቀዶ ጥገናውን እንደተዉት ስለነገረኝ ነው። ለእብጠት ብሎ ማን ሆዱን ያስቀድዳል ብለዋል አሉ። አልፈርድብዎትም፤ እብጠት ነው የተባሉት።

አባባ፣ እብጠት አይደለም። ካንሰር ነው። ሐኪሙ ለእማዬና ለዠንሁዋ ነግሯቸው፣ እነሱም እንደ ወጉ ደበቁዎት፤ ካወቀ እህል አይቀምስም ብለው ፈሩ። ስልኩን ሁልጊዜ እማዬ ስለምታነሳው ነው የጻፍኩልዎት። አሁን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል ብሏል ሐኪሙ። የእኔን ሳህን አይቼ የእርስዎም ባለበት ይቆማል ልል አልችልም። ሳህን ሲበላሽብኝ ደፍቼ ሌላ እጀምራለሁ። በእርስዎ እንደዚያ ማድረግ አልችልም፤ ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ መጥቼ ሆስፒታል እወስድዎታለሁ። እምቢ ማለት ይችላሉ፤ ግን አውቀው እምቢ ይበሉ።

ለዠንሁዋና ለሚስቱ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጋሽ ፉቲየንንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ቅር እንዳይላቸው። ለእማዬ ደግሞ ልጅሽ ነግራኛለች ይበሏት። ትቆጣኛለች። እርስዎ አጠገቧ ቁጭ ብለው እየሰሙ እስክታረጅ ብትቆጣኝ ግድ የለኝም።

ልጅዎ ዩንሺው
ታይቹንግ፣ የፋኖስ በዓል ማግስት፣ ሰኞ