በፈቃዱ የተባለው ንጉሥ

…ከዚያ ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጣል፣ ጩቤው ሸራው ላይ ያበራል፣ አባቴ ግን ያን ጊዜ ድምፁን ያለሰልስና…

ቆይ። መጀመሪያ ቀኑን ጻፍ፣ ሚኪያስ። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚባለውንም ሁሉ ጻፍ፤ የእኔንም የሌላውንም።

ዛሬ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. እኔ ዘጠና ዓመት ያለፈኝ ፍስሃ ለተክርስቶስ፣ ፒያሳ፣ ውቤ በረሃ በሚገኘው ግቢዬ፣ ከጓሮው ሰርቪስ ክፍል ተኝቼ፣ ሰውነቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ተናዝዣለሁ። ከዚህ በፊት በስሜ የተጻፈ ኑዛዜ ቢገኝ ፈርሷል። ልጄ ሉልሰገድ ትናንት አምጥቶ "እዚህ ጋ ፈርምልኝ" ያለኝ ወረቀት አልተፈረመም፤ አይፈረምምም። እዚያ ላይ "ቤቴን በፈቃዴ ሰጥቼዋለሁ" ይላል።

በፈቃዴ።

አባቴ የድምፅ አልባ ፊልም ተርጓሚ ነበር። አራዳ ውስጥ በነበረ አንድ አዳራሽ፣ ከሸራው አጠገብ ቆሞ በዘንግ እየጠቆመ፣ ለሚንቀሳቀሱት አፎች አማርኛ ይሰጣቸው ነበር። በየዓመት በዓሉ የሚታይ አንድ ፊልም ነበር፤ ንጉሥ በገዛ ልጁ ሲገደል። የአዳራሹ ባለቤት "የንጉሥ ሞት ካፍህ እንዳይወጣ" ስላሉት፣ አባቴ እዚያ ሲደርስ "ንጉሡም ደከማቸውና ዘውዳቸውን በፈቃዳቸው ለልጃቸው ሰጡ" ይል ነበር። ሕዝቡ ጩቤውን እያየ ያጨበጭባል። እኔ ከፊት አግዳሚ ላይ፣ ዐይኔን ልመን ወይስ አባቴን… እስካሁን አልለየልኝም።

እኔ አልተረጉምም። የታየውን እናገራለሁ። ሉልሰገድ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ትልቁን ቤት ለመጠጥ ቤት አከራየው። ስመለስ አልጋዬ እዚህ ጓሮ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ለጎረቤት "አባዬ ራሱ ጸጥታ ፈልጎ ነው" አለ። የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ ግድግዳዬን ይደበድባል፤ ጸጥታዬ ይህ ነው። በዚህ ምክንያት ሉልሰገድን ከውርሴ በግልጽ ነቅዬዋለሁ።

"አባዬ፣ ይሄ ሲኒማ አይደለም!" አለ ሉልሰገድ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

"ታዲያ ምን ትተውናለህ?" አልኩት።

"ሉሌ፣ ያለ ትኬት ገብተህ አትጩህብን" አለችው ከምስክሮቼ አንዷ ፈቲያ። ምስክሮቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ቤቱ ከነግቢው መቀሌ ለምትሠራው ልጄ ለሉዋም ይሁን። አዳራሹ ሲዘጋ አባቴ ይዞት የወጣው የዚያ ፊልም የመጨረሻው ጥቅል፣ ግድያው ያለበት፣ አልጋዬ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው፤ እሱም የእሷ ነው። ሉዋም፣ ከእሳት አርቂው። ለሰው ስታሳዪው ማንም አጠገቡ ቆሞ አያስረዳ። ወንድምሽ ቢርበው አብዪው፤ ቁልፍ ግን አትስጪው።

አትክልት ተራ የምትነግደው ፈቲያ ምሳዬን ስታመላልስልኝ ከርማለች። ምስክር ሆና ስለምትፈርም ላወርሳት ሕጉ ይከለክለኛል። ይህን እያወቀች መጣች።

ለሉልሰገድ የአባቴን ዘንግ ትቼለታለሁ። ለመተርጎሚያ ይሆነዋል።

የተጻፈው በምስክሮቼ ፊት ተነበበልኝ፤ ቃሌ ነው። የአውራ ጣቴ አሻራ ከዚህ በታች አለ።

ምስክሮች፦ ጸሐፊው ሚኪያስ አባይነህ፣ ፈቲያ ሰይድ፣ ጎረቤቶቻችን ሙሉነሽ ደስታ እና ተስፋልደት ገብሩ። አራቱም ፈርመዋል።

ብዕርህን አታስቀምጥ፣ ሚኪያስ። ይህንንም ጻፍ። ሉልሰገድ ዘንጉን ከጥግ አነሣ። ጎንበስ ብሎ አልጋዬ ሥር ያለውን ሣጥን አየ። ወጣ።

በሩ ከውጭ ተቆለፈብን።