በሁዳዴ የታረደች ዶሮ

የልጆቼ አባት፣ ተክሌ፣

ከሄድክ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ቤቱ ደህና ነው። የሣር ክዳኑን አንስተን ቆርቆሮ አለበስነው፤ የመቱ ዝናብ ሲወርድበት ሰው ከሰው አይደማመጥም። አንተ ብትኖር ከጣሪያው ጋር ትጣላ ነበር። ትልቋ ልጅህ ጎሬ ላይ ወንድ ወልዳለች። አፍንጫው ያንተ ነው። በቅሎህ አሁንም ከእኔ በቀር ሰው አታስጠጋም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ወንድምህ ደምሴ መቃብርህ ላይ ቆሞ ሳይከሰኝ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። የመምህር ዋቅጅራን ደጅ ረገጥኩ።

ያን ከጠላት መውጣት በኋላ የመጣውን የሚሲዮን አስተማሪ፣ ጎረቤታችንን። በየረቡዕና በየዓርቡ ሥጋ ሲጠብስ ጭሱ አጥሩን እየተሻገረ ስንት ዓመት አጣላችሁ! አንተ «ጾም የሌለው ሃይማኖት ጣሪያ የሌለው ቤት ነው» ትለዋለህ። እሱ ደግሞ «ጣሪያችን ሰማይ ነው፣ ጋሼ ተክሌ፤ አያፈስም» ይልሃል። አንድ ቀን ብሶብህ፣ ከቤቴ ሰው የእሱን ደጅ የረገጠ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቆርስም ብለህ ማልክ። እኔም እስከ ዘንድሮ አከበርኩልህ።

ዘንድሮ በሁዳዴ ዋቅጅራን ተስቦ ጣለው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። የእምነት ወንድሞቹ ለጉባኤ ቡሬ ሄደው ዝናቡ መንገዱን ቆረጠባቸው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አየውና፣ ትኩሳቱ ለቆታል፣ የዶሮ ሾርባ ካላገኘ ግን በድካም ይሞታል አለ። የነገረው ለእኔ ነው፣ በአጥሩ ላይ። ሌላ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ዶሮ አለኝ፤ የሚያርድልኝ ወንድ የለኝም። ደምሴን ለመንኩት። «በሁዳዴ? ለዚያ ሰው? የተክሌ አጥንት ይወጋሻል!» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ስለዚህ ዶሮዋን በነጠላዬ ሸፍኜ ራሴ ገባሁ። የሚያይ ይይ ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ተውኩት። ሰውየው ከአልጋው ጋር ተጣብቋል፤ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሴት አታርድም፣ እሱም አቅም የለው። ቢላዋውን እጁ ላይ አኖርኩለት። እጄን በእጁ ላይ ጫንኩና አብረን አረድናት፤ እሱ ባረከ፣ እኔ ገፋሁ።

ሾርባውን ሠራሁ። ጾመኛ ነኝና አልቀመስኩም፤ ጨዉን በግምት ነሰነስኩ። አንዴ ፉት አለና ፊቱ ተጨማደደ። «እትዬ አልማዝ፣» አለኝ በዚያ ቀጭን ድምፁ፣ «ይህን ጨው የላኩት ጋሼ ተክሌ ናቸው። ክርክሩን አልተዉም ማለት ነው።»

ሳቅሁ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ውኃ ጨመርኩበት፤ ጠጣው። ስምንት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስት ዶሮ አለቀ። አሁን በእግሩ ቆሟል።

መሐላህን ለምን እንዳፈረስኩ ልንገርህ። አንተ ታመህ በተኛህበት ጊዜ አንድ ሰው በየማለዳው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ «ጋሼ እንዴት አደሩ?» ይለኝ ነበር። አንተ ማነው ስትለኝ መንገደኛ ነው አልኩህ። ጉሮሮህ ሌላ ነገር አልቀበል ሲል የያዮ ጫካ ማር ትልስ ነበር፤ ወንድሜ የላከልህ ነው አልኩህ። ወንድሜ አልላከም። ያው ሰው ነው በአጥሩ ቀዳዳ ያቀበለኝ። አንተ ግን ማሩን ልሰህ እጅህን ዘረጋህና፣ «ይህን ለላከልኝ ሰው ዕድሜ ይስጠው፣ ክፉ አይንካው» ብለህ መረቅክ።

ያን ምርቃት ለባለቤቱ ሳልሰጥ ሁለት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ድሬሰሩ ይሞታል ሲለኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ምርቃቱን ነው። በስምንተኛው ቀን ለዋቅጅራ ነገርኩት፤ አንተ ያልከውን ቃል በቃል። እሱም ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣና «አሜን» አለ።

ደግነትህን የሚያወራ ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን ቁጣህንም፣ እልህህንም፣ ያቺን የተዘረጋች እጅህንም አስባለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከአንተ አንዱንም አልረሳም።

አልማዝ