አራተኛዋ መስኮት

ሄርፎርድ ከተማ

ውድ ወይዘሪት ዊኒፍሬድ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሳሉ እንደባሰብሽ፣ ሐኪሙም አየር ያስፈልጋታል እንዳለ አነበብኩ። በአትክልቱ በኩል ያለው ግድግዳ ተበስቶ መስኮት እንዲወጣልሽ ትለምኚኛለሽ። ድሮ እርስዎ እያልኩ አጎነብስልሽ ነበር፤ ዛሬ አንቺ ብልሽ አይክፋሽ፣ ቤቱ የእኔ ነው።

አባትሽ ያንን አሁን የምትኖሪበትን የሰረገላ ቤት ያሠሩት ከሳሎናቸው ሲያዩት እንዲያምር ብለው ነው። ከታች ሰረገሎቹ የሚገቡባቸው ባለ ቅስት በሮች፣ ከላይ አራት መስኮቶች፣ ጣሪያው ላይ ሰዓት። ሦስቱ የድርቆሹ ማከማቻ መስኮቶች ናቸው። በእኛ ክፍል በኩል ያለችው አራተኛዋ ግን ድፍን ግንብ ነበረች። ጌቶች ሻይ ሲጠጡ የሰረገላ ነጂ ቤተሰብ ቁልቁል እንዳያያቸው፣ ግንቡ ላይ ከውጭ በኩል መስታወትና ነጭ መጋረጃ በቀለም ተሣለ። እኛ የምንተነፍሰው ከጋጣው ሽቅብ የሚመጣውን የፈረስ ሽንት ሽታ ነበር።

እናቴ ደም መትፋት ስትጀምር አባቴ ኤኖክ ባርኔጣውን አውልቆ አባትሽን ለመናቸው።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ። ሚስቴ አየር አጥሯታል።»

«አራቱ እኩል ካልሆኑ የቤቱ መልክ ይበላሻል፣ ኤኖክ» አሉት። «ደግሞ መስኮቷ እናንተ ልታዩባት አይደለም፣ እኛ ልናያት ነው።»

አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ። ልጅ ነበርኩ አትበይኝ፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሰሽ ነበር። «የኤኖክ ሚስት ምን ዓይነት ሰነፍ ናት? ክረምት ከበጋ መጋረጃዋን አትገልጥም እኮ» ብለሽ እንግዶችሽን አሳቅሽ። እናቴ በዚያው ሳምንት ግንቡን እየቧጠጠች ሞተች። የጥፍሯ ምልክት ከአልጋሽ ራስጌ አለ፤ በእጅሽ ዳብሺው።

ትልቁ ቤታችሁ ፈርሶ ድንጋዩ ሲሸጥ፣ የሰረገላውን ቤት እኔና ባለቤቴ ገዛነው። መግቢያ ስታጪ ክፍል በነጻ ሰጠሁሽ። አገሩ ሁሉ «ሔስተር ቂም አታውቅም» አለኝ፤ አንቺም አልቅሰሽ አመሰገንሽኝ። የማን ክፍል እንደነበረ ግን አልጠየቅሽም። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ደረጃውን ወጥተሽ አታውቂም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወይዘሪት።

ግድግዳው አይነካም። ነገር ግን ጨርሶ ጨከነችብኝ እንዳትዪ፣ ሰኞ ቀለም ቀቢ እልክልሻለሁ። መጋረጃዋ ደብዝዛለች፣ በአዲስ ነጭ ያድሳታል። አበባ እንደምትወጂ ስለማውቅ፣ የመስኮቷ ደፍ ላይ አንድ ማሰሮ አበባ ጨምሮ እንዲሥል ነግሬዋለሁ። ከውጭ ለሚያያት በጣም ታምራለች።

የኤኖክ ልጅ፣
ሔስተር