የመህርሽን ብር ከላስቲኩ አውጪ

ሞጣ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሲናዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ጤናሽን ኋላ እጠይቅሻለሁ። መጀመሪያ ተነሺና መቀስ አምጪ። እየቀለድኩ አይደለም። ስንጋባ መህርሽ አድርጌ የሰጠሁሽን አስራ ሁለት ጠገራ ብር፣ እኔ ካሸግኩበት ላስቲክ አሁኑኑ አውጪው። በጥፍርሽ አትጎትቺ፣ ዳር ዳሩን በመቀስ ቁረጪ። ብሩን በጠርዙ ብቻ ያዢው፤ ላዩ ላይ ያለችውን የንግሥቲቱን ምስል በጣትሽ አትንኪ፣ የእጅ ላብ ምልክት ይተዋል። ንጹሕ አቡጀዲ ላይ አንድ በአንድ ደርድሪያቸውና ተመልሰሽ አንብቢኝ።

አወጣሽ? እሺ።

በስልክ በነገርኩሽ ነበር፣ ግን ቁጥሬን ብሎክ አድርገሻል። በነጅዋ ስልክ ስደውል "እሺ አባ፣ እነግራታለሁ" ብላ ትዘጋለች። የአስራ ሦስት ዓመት ልጄ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ ታስተናግደኛለች። ቢቸና አባትሽ ጋ ስደውል ደሞ ሐጂ ገና ሰላም ሳልላቸው "ልጄ ሌባ አይደለችም" አሉኝ። ማን ሌባ አለ? እኔ "ብሩን በአመድና በሎሚ ፈትጋ አበላሸችው" ነው ያልኩት። ሌባ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ሦስት ወር ሙሉ ያላልኩትን እየጨመሩ ከሞጣ ቢቸና ያመላልሱታል። ምን ላድርግ፣ በአክስትሽ ልጅ በአብዱራዛቅ እጅ ይኼን ጽፌ ላክሁ።

ማክሰኞ ዕለት የብረት ሳጥኔን ከፈትኩ። ታውቂዋለሽ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ስታጠብም አላወልቀውም። ያንቺ ብር ቁምሳጥንሽ ውስጥ ነበር፤ የኔን ሳጥን ግን አንድ ቀን እንኳ ነክተሽው አታውቂም፣ እኔም ፈቅጄልሽ አላውቅም። ክዳኑን ሳነሳ ሽታው ቀደመኝ። አዲስ የኮንጎ ጫማ ካርቶን ሲከፈት የሚመጣው ያ ሽታ። በላስቲክ ያሸግኳቸው አስራ ዘጠኙም ብሮች አረንጓዴ አልቧቸዋል፣ እጅ ላይ እንደ ማር ይጣበቃል። ካንቺ አስራ ሁለት ብሮች በሦስቱ ላይ አይቼ የጮህኩብሽ ራሱ ነው። አባቴ በአቡጀዲ ቋጥሮ የተወልኝ ስድስቱ ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ በዚያው ርጥበት፣ ጠቆር እንዳሉ ደህና ተኝተዋል።

ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ሱቅ አልከፈትኩም።

ከጓሮ የተከራየውን የኬሚስትሪ መምህር፣ ገብረ ሚካኤልን፣ ጠራሁት። አንዱን አንስቶ አሸተተና ላስቲኩን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ መታወቂያ የሚከተትበት ለስላሳው፣ እኔው ራሴ ቆርጬ በሻማ እሳት ያሸግኩት አልኩት። ያ ላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ያወጣል፣ ብሩ ውስጥ ያለውን መዳብ ይበላል፣ ክረምት ሲሆን ደሞ ይብስበታል አለኝ። ሃያ ዓመት ጫማ ሸጬ፣ ኮንጎ በሙቀት ሲያልበው በየቀኑ እያየሁ፣ ይኼን ከመምህር አፍ ልስማ? ስለ ብር የማውቀውን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ ብቻዬን ነው የለቀምኩት። ይቺን ግን አልለቀምኳትም።

"እና ሎሚውስ?" አልኩት።

"የቱ ሎሚ?" አለኝ።

ላስቲኩን በምቆርጥበት ቀን ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። አፍንጫሽን ይዘሽ፣ ይኼ ነገር ክረምት ላይ ያልበዋል አልሽ። እኔ የመለስኩልሽን መድገም አልፈልግም። ግን አንቺም ጥፋት አለብሽ፣ ልንገርሽ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ በሰው ፊት ስጮህብሽ ለምን ዝም አልሽ? ሽማግሌዎቹ ፊት ወላሂ እሷ ናት ያበላሸችው ብዬ ስምል ለምን አልተነሳሽብኝም? ለአንድ ማንኪያ ግማሽ ቀን የምትከራከር ሴት ያን ቀን ሻንጣዋን ነው ያነሳችው። ዝም ስትይ ልክ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ወላሂ የሚለውን ቃል ዱቤ ለሚጠይቀኝ ሰው እንኳ ማለት አቅቶኛል።

ወደ ብሮቹ ልመለስ፣ ጊዜ የለም። የሚያጣብቀውን በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና እንዳትነኪው። ታውቂያለሽ፣ መቼም ነክተሽው አታውቂም። አብዱራዛቅ ትንሽ ጠርሙስ ይሰጥሻል፤ ገብረ ሚካኤል ያገኘልኝ ንጹሕ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ቅባት ስላለበት አይሆንም። መስኮት ክፈቺ፣ ከእሳት ራቂ፣ ነጅዋም አትጠጋ። በብርጭቆ ውስጥ ነክረሽ አውጪና ሳታሺ አድርቂው። ከዚያ እርስ በርስ እንዳይፋጩ እያንዳንዱን ለብቻው በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለሽ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስገቢ። ከጫማ ካርቶን የሰበሰብኳቸውን፣ ርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ከሥር አድርጊ። ቆርቆሮውን ግድግዳ አታስጠጊ፤ የአባትሽ ቤት ግድግዳ በሐምሌ እንደሚያለቅስ እኔም አውቃለሁ።

ሌላም ነገር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደርስሻል። የምኒልክ ብሬ ነው። ሐጂ ያውቁታል፣ ሞጣ በመጡ ቁጥር አሳዩኝ ይሉኝ ነበር። ከአስራ ዘጠኙ አስራ ስምንቱን አውጥቼ አጽድቻለሁ። እሱን ግን ከላስቲኩ አላወጣሁትም። የሻማ ማሸጊያዬ እንዳለ ነው፣ ማንም እንዳልከፈተው በዓይን ይታያል። አረንጓዴው አንበሳው ጋ ደርሷል፣ በየቀኑ እንደሚበላው አውቃለሁ። ቢሆንም ለአባትሽ ሳታሳዪ እንዳትከፍቺው። እሳቸው ሲያዩ የሸመገሉንም ተጠርተው ይዩ፤ ማን እንዳበላሸው እሱ ራሱ ይንገራቸው። ከዚያ በኋላ ከተረፈ ይትረፍ፣ ካልተረፈም ይለፍ።

ነጅዋን ሳሚልኝ። የሐጂን ዕድሜ አላህ ያርዝመው፣ ክረምቱን በጤና ያውጣችሁ። ዱዓ ስታደርጊ እኔንም እንደ ድሮው አስገቢኝ፣ ካልከበደሽ።

ሙጀሂድ