ሆምጣጤ ብዬ ያነበብኩት ጠርሙስ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 11 ቀን 2015፣ ናታንያ

በናታንያ ከእኔ የሚበልጥ አንባቢ የለም። እሺ፣ በማታው የዕብራይስጥ ክፍላችን ውስጥ ልበል፤ እሱም መነጽሬን ካደረግሁ።

ዛሬ ባለቤቴ ወርቄ፣ «ለሺራ ወይን እጠብላት። የተረጨበት መድኃኒት እንዲለቅ ሆምጣጤ ጠብ አድርግበት» አለችኝ። ከማጠቢያው ሥር አንድ ጠርሙስ አነሳሁና ፊደሎቹን በጣቴ ተከተልኩ፤ ሔት፣ ቫቭ፣ ሜም፣ ጻዲ።

«ሆሜጽ! ሆምጣጤ ማለት ነው። ባልሽ ዶክተር ሆነልሽ!» አልኳት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝም ደህና ሆምጣጤ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ወይኑ ላይ ጠብ አድርጌ አጠብኩት።

የልጅ ልጄ ሺራ አንዷን ፍሬ ወደ አፏ ስታስጠጋ ልጄ ሚካል ከሥራ ገባች። ጠርሙሱን አየችና ጮኸች፤ «አባ! ይሄ ሆሜጽ አይደለም፣ ሆምጻ ነው! የሽንት ቤት አሲድ!»

ዘልዬ የሺራን እጅ መታሁና ፍሬውን አስጣልኳት።

አስተማሪዋ ነግራን ነበር። ጻዲ የምትባለው ፊደል ቃል ስትዘጋ እግሯን ወደታች ትዘረጋለች። ጠርሙሱ ላይ ያለችው ግን እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋም «ሄ» የምትባል ሌላ ፊደል አለች። እሷን ዘለልኳት።

ፍሬው ከንፈሯን ነክቶ እንደሆነ ብለን የሺራን አፍ ደጋግመን አጠብን። ሐኪሙ በስልክ «ከንፈሯን ተከታተሉ» አለ። አሁን እየሳቀች ትጫወታለች፤ እኔ ግን ከከንፈሯ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

«ዶክተር፣ ዞር በል» ትለኛለች ወርቄ።

እውነቱን ልጻፍ። የሺራን እጅ የመታችው ወርቄ ናት። እኔ ያኔ ጠርሙሱን አቅፌ «ሆሜጽ ነው!» እያልኩ ከሚካል ጋር እከራከር ነበር።