የትራክተር ቁጥር አራት ቀዳዳ

ነሐሴ 24፣ ከጠዋቱ 3 ሰ.

ዛሬም እንቁላል የመሰለ ቀዳዳ! ትራክተር ቁጥር 2ን ፈታሁት። የመጎተቻው ብረት ቀዳዳ ክብነቱ ጠፍቶ ሞላላ ሆኗል። ፒኑ ውስጡ ይጨፍራል። ተጎታቹን ጋሪ የሚይዘው እኮ ይኼ ፒን ብቻ ነው! ስንት ዘመን ሲጎትት ማን አየው? ማንም። ቅባት እንኳ የቀባው የለም።

ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው። ቀዳዳውን አስፍቶ ክብ ማድረግ። በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቦኮላ ማውጣት፤ የብረት ቀለበት ማለት ነው፣ አንቺ ደብተር ከየት ታውቂዋለሽ። ጠቅጥቆ ማስገባት። ዙሪያውን መበየድ። በመጨረሻ የስሜን መጀመሪያ «ወ»ን በመዶሻ መምታት። ያስተማረኝ ሽማግሌ ጣሊያን ደንብ ነው፤ የጠገነ ምልክቱን ይምታበት፣ ሲሰበር ባለቤቱ ይታወቅ። ሠላሳ ዓመት መታሁ፣ አንድም አልተመለሰብኝ። አንዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ይፍጅ!

ነሐሴ 27፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዝናብ። የገርጂ ጭቃ ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። ወርክሾፕ ስደርስ ጓድ ታምራት በር ላይ። አዲሱ ኃላፊያችን ነው። ከእንግዲህ ጓ.ታ. ብቻ ነው የምለው፣ ቀለም አላባክንለትም።

ስምንቱም ትራክተሮች ለአብዮት በዓል ይድረሱ ይላል። ሰልፍ ይወጣሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መንግሥት እርሻቸው። ቀዳዳውን በብየዳ ሙላው፣ በእሳት ብሳው፣ ቀይ ቀለም ቀባው አለኝ። የችኮላ ሙሌት ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ወንፊት ነው፣ ጭነት ሲመጣ ይፈረከሳል አልኩት። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው አለ። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው! ብረት ነክቶ የማያውቅ! ሪፖርቱ ላይ ግን ስሙ ከላይ ይሰፍራል። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ።

ጳጉሜን 1፣ ማታ 12 ሰ.

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ። አጀንዳው እኔ። ምርት አደናቃፊ ነኝ አሉ። የአሮጌው ሥርዓት አሠራር ይዞኛል። እጃቸውን የሚያወጡት አብረውኝ ቆሎ የሚቆረጥሙ ናቸው። አፈሩ! ዓይኔን አላዩኝም።

ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነሣሁ። «ጓዶች፣ ቀዳዳው ሂስ አይሰማም» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ጓ.ታ. ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። ከወንበሬ አነበብኳት። አሻጥር። በዚህች ቃል ሃያ ሁለት ከሚባለው ሰፈራችን ሁለት ሰው ተወስዷል። እስር ቤት ጋቢ ተላከላቸው፣ እነሱ አልመጡም።

ባለቤቴ አስካለ ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልኩ።

ጳጉሜን 2፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሞላሁት።

ትራክተር ቁጥር 4ን። በብየዳ ሞላሁ፣ በእሳት በሳሁ፣ ቀባሁ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ይኼ አልበቃ ብሎ እጄ በልማዱ «ወ»ን መታበት። እኔን ድፍት ያድርገኝ! ማን ምታ አለኝ? ማንም! ጓ.ታ. ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ አሁን ነቃህ አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ጥርሴን ሳፋጭ ነበር። ጓ.ታ.ን እምቢ ሳልል አሁን ላንቺ እጮሃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻው እኔ ነኝ።

ጳጉሜን 4፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሁሴን መጣ። ከአዋሽ በረሃ፣ የት.ቁ. 4 ነጂ። ታላቅ ወንድሙን የገደለው ተጎታች ነው። ዳገት ላይ ፒኑ ወለቀ፣ ጋሪው ወደ ኋላ ተንከባለለበት። ከዚያ ወዲህ ሁሴን ትራክተሩንና ጋሪውን በሰንሰለት ደግሞ ሳያስር አይነዳም። የሚስቁበት ብዙ ናቸው፣ ግድ የለውም።

ዛሬ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ቀለም በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ወ»ን አገኛት። ሰንሰለቱን ፈታና ለሌላ ነጂ ሰጠው። «ጋሽ ወርቁ፣ እርስዎ ከመቱበት በኋላ ሰንሰለት ማሰር ስድብ ነው» አለኝ። ሳቀልኝ።

እኔም ሳቅሁ። ጻፊው ደብተር፣ ሳቅሁ!

ሠላሳ ጥጥ ለቃሚዎች ጋሪው ላይ ቆመው ይሰለፋሉ። ከሰልፉ በኋላ በዚያው ጋሪ ወደ እርሻው ይመለሳሉ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት። ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ልጅ ያዘሉም አሉ አለኝ ሁሴን። ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር።

ጳጉሜን 5፣ ከጠዋቱ 12 ሰ. ተኩል

እንቅልፍ የለም። ጓ.ታ.ን ስረግም አደርኩ። ሲነጋ ግን ገባኝ፤ እሱ ቀዳዳ አያውቅም፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ዓይኔ እያየ የመታሁት እኔ ነኝ። ንዴቴ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ቁርጥ ያጠግባል። ዛሬ ሁሉም ለጠዋቱ ስብሰባ ግቢው ውስጥ ሲቆም ት.ቁ. 4ን እቆርጠዋለሁ። ተደብቄ አይደለም፣ ፊታቸው። ሙሌቱን ሰንጥቄ ወንፊቱን ለሁሴን አሳየዋለሁ። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሰንሰለትህን መልሰህ እሰር እለዋለሁ። ቦኮላውን ትናንት በምሳ ሰዓት በቶርኖ አውጥቼዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ግማሽ ቀን ከተዉኝ ለሰልፉም ይደርሳል። ካልተዉኝ ቦኮላውን ሁሴን ይያዘው፣ የሚያስገባለት ሰው አይጠፋም።

የመንግሥት ንብረት በሰው ፊት መቁረጥ ስሙ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጓ.ታ. አንዴ ጽፎታል።

ቀጭኗን ጋቢዬን አጣጥፌ ከረጢት ውስጥ ስከት አስካለ አየችኝ። ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ቀጭኗን አወጣችና ወፍራሙን ከተተችልኝ። ሲሚንቶ ይበርዳል አለችኝ።

ልውጣ፣ ሁሴን ትራክተሩን ለሰልፉ ልምምድ ሳያስነሣ።